ስንት ከማለት በፊት፣ የምን?

ቁንዝላ በዜና ስትነሳ ብዙ ጊዜ 460 የሚባል ቁጥር አብሯት ይነሳል። በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ያለችው ይህች የጀልባ ወደብ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃ ከሐይቁ የሚጠለፍበት አካባቢ ናት። ውሃው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ የምድሩን ሆድ ሰንጥቆ ወደ በለስ ተፋሰስ ይወርዳል። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋዋት የሆኑ አራት ተርባይኖች አሉት። አራት ጊዜ 115፣ 460። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ እንከን የለውም። ችግሩ የሚመጣው አንድ ዜና «ጣና በለስ 460 ሜጋዋት እያመነጨ ነው» ያለ ቀን ነው።

460 የአቅም መጠን ነው። አራቱም ተርባይኖች በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይላቸው እንዲዞሩ በሴኮንድ 160 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይፈልጋሉ። ፕሮጀክቱ ሲታቀድ ግን በዓመት አማካይ ከጣና ወደ በለስ ይሻገራል የተባለው በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር፤ ከግማሽ በታች። አርባ አልጋ ያለው ሆቴል ሁሉ በየሌሊቱ አርባ እንግዳ አያሳድርም። ጣቢያው በዓመት ውስጥ በእርግጥ ያመረተው የሚነገረው በጊጋዋት ሰዓት ነው፤ ያ ቁጥር በርዕስ ላይ እምብዛም አይወጣም፤ ለጆሮም አይጥምም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብም ያው ነው። 5,150 ሜጋዋት የተተከለ አቅሙ ነው። በዓመት ያመርታል ተብሎ የታቀደው ወደ 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ይህን በዓመቱ 8,760 ሰዓቶች ብናካፍለው አማካዩ 1,800 ሜጋዋት ግድም ይመጣል፤ ከተተከለው አቅም 35 በመቶ ያህል። ይህ ለግድቡ ነውር አይደለም፤ ክረምቱና በጋው እንዲህ በሚራራቅ ወንዝ ላይ የተሠራ ጣቢያ የሚጠበቅበት ነው። ነገር ግን 5,150ን ከአገሪቱ የዕለት ፍጆታ ጋር አስተያይቶ «ይህን ያህል እጥፍ ትርፍ አለን» የሚል ጸሐፊ ሁለት የማይተያዩ ነገሮችን እያስተያየ ነው። የግድቡ አቅም በየዘመኑ 5,250፣ 6,000፣ 6,450 ሲባል ቆይቶ ነው 5,150 ላይ ያረፈው። እያንዳንዱ ቁጥር በጊዜው የነበረ ንድፍ ነው። ቀኑ ሳይጻፍ ሲጠቀስ ግን አንዱ ሌላውን ውሸታም ያስመስለዋል። ለነገሩ 460ም ሆነ 5,150 በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ቤት ማታ አምፖሉ ይበራ እንደሆነ አይነግሩንም። ያ የማከፋፈያ መስመር፣ የትራንስፎርመርና የቆጣሪ ጉዳይ ነው።

ቁጥር ስንጠራጠር ቶሎ የሚቀናን «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ማለት ነው። እኔ ይህ ጥያቄ ያለ ቦታው የቀደመ ይመስለኛል። እስካሁን ካሳሳቱን ቁጥሮች ብዙዎቹ ለአንድ ነገር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ትክክል ነበሩ። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዜና ክፍል ሲሄዱ «የምን» የሚለው እየተንጠባጠበ ቀርቶ አኃዙ ብቻውን ባሕር ዳር ይገባል።

ለዚህ ከእምቦጭ አረም የተሻለ ምስክር በጣና ዙሪያ የለም። አረሙ በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በየመገናኛ ብዙኃኑ «ጣናን የሸፈነው እምቦጭ» እስከ 50,000 ሄክታር ይደርሳል ሲባል እንሰማ ነበር። እስኪ በወረቀት እናስላው። መቶ ሄክታር አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ 50,000 ሄክታር ማለት 500 ካሬ ኪሎ ሜትር። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ዜናው የሐይቁ አንድ ስድስተኛ በአረም ተከድኗል እያለን ነበር። ለአቸፈር ገበሬ በሚያውቀው መለኪያ ስንነግረው 200,000 ቃዳ ነው። በዚያው ዘመን የሳተላይት ምስል ይዘው አረሙን የለኩ ጥናቶች ደግሞ ያገኙት እንደ ወቅቱ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ሄክታር ነበር። ልዩነቱ አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው።

ታዲያ ማን ዋሸ? ወደ አለካኩ ስንገባ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከመሬት የሚሰበሰበው ግምት አረሙ የታየባቸውን ቀበሌዎች የባሕር ዳርቻ ርዝመት፣ ወደ ውስጥ የገባበትን ርቀት፣ ረግረጉንና ውሃ ሲሸሽ የሚታረሰውን የባሕር ሸሽ መሬት ጭምር ይይዛል። የዚህ ትክክለኛ ስሙ «የተወረረ አካባቢ» ነው፤ በውስጡ አረም ያለበትም የሌለበትም ውሃ አለ። ሳተላይቱ የሚለካው በዚያች ዕለት ከላይ የታየውን አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። እሱም የራሱ ጉድለት አለው፤ በደንገልና በሣር መሐል የተሸሸገውን አረም ለይቶ ለማየት ይቸገራል፣ አረሙ ውሃ ጠጥቶ በሚፋፋበት ክረምት ደግሞ ደመና ይጋርደዋል። ከዚህ ላይ ወሩ አለ። እምቦጭ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይንሰራፋል፤ ውሃው ሲሸሽ ከፊሉ ዳር ላይ ቀርቶ ይደርቃል። የኅዳር ልኬት ይዞ ከግንቦት ልኬት ጋር አነጻጽሮ «አረሙ በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ» የሚል መግለጫ ያወጣ ሰው ምንም ሳይሠራ ውጤት አስመዘገበ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ወረርሽኙ የከበደው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ ከመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ጀምሮ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነበር። ስለዚህ «ጣና ተሸፈነ» የሚለውን ዜና በዚያ ዓመት ቁንዝላ ወደብ ላይ ቆሞ የሰማ ሰው ፊት ለፊቱ የተንጣለለውን ባዶ ውሃ እያየ ዜናው ፈጠራ ነው ቢል አይፈረድበትም። የደምቢያው ዓሣ አስጋሪ ደግሞ ታንኳውን የሚገፋበት መተላለፊያ አጥቶ ሳለ «አረሙ ከሐይቁ 1 በመቶ አይሞላም» ቢባል ስድብ ይሆንበታል። ሁለቱም ዓይናቸው አልዋሸም። ለመላው ሐይቅ የተሰላ አማካይ ለሁለቱም አይሠራም፤ ቁጥሩ በወረዳ፣ ከተቻለም በቀበሌ ተሸንሽኖ መምጣት ነበረበት።

የዘመቻው ሒሳብስ? በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአንድ ወር የታወጀው የነቀላ ዘመቻ ሲጀመር አረሙ የያዘው ወደ 4,300 ሄክታር ነው ተባለ። (50,000 የት ሄደ ብሎ በርዕሱ የጠየቀ ጋዜጣ አላየሁም።) የወጣው አረም በመቶኛ እየተሰላ ይነገር ነበር። አሁን ለምሳሌ ብቻ ከ4,300ው ዘጠና በመቶው ተነቅሏል እንበል። የቀረው 430 ሄክታር ነው። ይህ ተክል በተመቸው ውሃ ውስጥ በሁለት ሳምንት ግድም ራሱን እጥፍ ያደርጋል። 430፣ 860፣ 1,720፣ 3,440፣ 6,880፤ አራት እጥፍታ፣ ስምንት ሳምንት። ማዕበል፣ ብርድና የቦታ ጥበት ስላለ ሐይቁ እንደ ወረቀቱ አይታዘዝም፤ ዘሩ ግን በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሄክታር አስወግደናል» የሚለው የሥራ ቁጥር ነው፤ ለሰዎቹ ላብ ይመሰክራል። ሐይቁ ላይ ዛሬ ስንት አለ የሚለው ሌላ ቁጥር ነው። በየዓመቱ የተነቀለውን ብቻ እየደመርን ብንሄድ አንድ ቀን ከሐይቁ ስፋት የሚበልጥ አረም ነቅለን እናድራለን።

ከአረም ወደ ሰው እንሂድ። በአማራ ክልል እንደ 1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ቁጣ ያስነሳ አኃዝ የለም። ውጤቱ ኅዳር 2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 13.8 ሚሊዮን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው 12 ዓመት ከመንፈቅ ትንሽ ይበልጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሕዝቡ በዓመት በ1.7 በመቶ ማደግ አለበት። የአገሪቱ አማካይ ግን 2.6 በመቶ ነበር። 13.8 ሚሊዮኑን በ2.6 ብናሳድገው 19.2 ሚሊዮን ግድም እናገኛለን። ቆጠራውን ያካሄደው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ቀድሞ ካወጣው ትንበያ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ጉድለቱ ወደ 2.4 ሚሊዮን ከፍ ይላል። ይህን ለማግኘት የሒሳብ መምህር አያስፈልግም፤ ሁለቱ ቆጠራዎችና አንድ ካልኩሌተር ይበቃሉ። ያኔ የምክር ቤት አባላት የጠየቁትም ይኼንኑ ነበር፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር።

መልሱ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የወሊድ መቀነስ፣ ኤችአይቪ ኤድስና ፍልሰት በምክንያትነት ተነሥተዋል። ወሊድ በእርግጥ ቀንሷል፤ በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበር፣ በ1997 ዓ.ም. 5.1፣ በ2008 ዓ.ም. 3.7 ደርሷል። ነገር ግን የአገሪቱ አማካይም በ1997 5.4 ነበር። ቆጠራው ሊደረግ ሁለት ዓመት ሲቀረው የክልሉ ልዩነት ከአገሩ አማካይ ሦስት አሥረኛ ልጅ ብቻ ነበር። ይህ ብቻውን የ0.9 ነጥብ የዕድገት ልዩነት ይፈጥራል ብሎ ማመን ይከብዳል። ለቀሪው ሞት፣ ፍልሰትና ሳይቆጠር የቀረ ሰው ድርሻ ይኖራቸዋል። ከታተሙት ቁጥሮች ላይ ተነሥቶ የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ግን አይቻልም።

ሌላው ዓለም ለዚህ መላ አበጅቷል። ከቆጠራ በኋላ በተመረጡ ሰፈሮች ዳግም ቆጥረው የመጀመሪያው ስንት ሰው እንደዘለለ ይለካሉ፣ ውጤቱንም ያትሙታል። የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ በ2020 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ቆጠራ ከሂስፓኒክ ነዋሪዎች ወደ 5 በመቶ የሚጠጉትን ሳይቆጥር እንደቀረ ያሳወቀው ራሱ ነው። ተቋሙ በዚህ አልተዋረደም፤ እንዲያውም ሌሎቹን ቁጥሮቹን ለማመን ምክንያት ሰጠ።

በእኛ በኩል ግን የምንቆጣውም ሰዎች ቁጥሩን በአግባቡ አልያዝነውም። 2.4 ሚሊዮን የመቀነስ ውጤት ነው፤ አንዱ ወገን ቆጠራ፣ ሌላው ወገን ትንበያ። ትንበያው ራሱ የተሠራው ወሊድና ሞት በዚህ ይሄዳሉ በሚል ግምት ነው። በየመድረኩ ሲዞር ግን መጀመሪያ «ያልተቆጠረ ሕዝብ» ሆነ፣ ቀጥሎ «የጠፋ ሕዝብ»፣ በኋላም በአንዳንዱ አንደበት «ያለቀ ሕዝብ»። አኃዙ አልተነካም፣ ስሙ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። በዚያ ላይ የክልሉ ነዋሪና የብሔሩ ተወላጅ ተደባለቁ። በ1999ኙ ቆጠራ በመላ አገሪቱ አማራ ነኝ ያሉት 19.9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ይህ ቁጥር ለክልሉ ከተተነበየው ጋር በአጋጣሚ ይቀራረባል። አንዱን ከሌላው ላይ ቀንሶ የፈለገውን ያገኘ ተከራካሪ ጥቂት አይደለም። ጥያቄው እውነተኛ ቁስል ስላለው ነው ይህን የማነሳው። በተሳሳተ ስም የቀረበ አቤቱታን ተጠያቂው ወገን ስሙን ብቻ አርሞ ይገላገለዋል፤ ዋናው ጥያቄ፣ የቆጠራው ጉድለት ተለክቶ ለምን አልታተመም የሚለው፣ ሳይመለስ ይቀራል።

የችግኙን ቁጥር በአጭሩ ልለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተባለ። ይህ በሴኮንድ ከ8,000 በላይ ነው። በሚሊዮኖች ሕዝብ ሲካፈል የማይቻል አይደለም፤ 20 ሚሊዮን ሰው ቢወጣ ለአንድ ሰው ከ18 አይበልጥም። እኔን የሚያጠራጥረኝ የመጨረሻው 660 ነው። በአገሪቱ ሁሉ ከተበተኑ የተከላ ቦታዎች በአንድ ምሽት የተሰበሰበ ድምር እስከ አሥር ቤት ድረስ ሊታወቅ አይችልም። «ከ350 ሚሊዮን በላይ» ቢባል ኖሮ ይበልጥ ይታመን ነበር። ስንቱ ጸደቀ የሚለው ደግሞ ከሁለት ክረምት በኋላ በናሙና የሚታይ ሌላ ሥራ ነው።

ግሽበትም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ዓመታዊ ግሽበት በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ 15 በመቶ ግድም ሲወርድ «ቀነሰ» ተብሎ ተዘገበ፣ ገበያተኛው ደግሞ «ምኑ ነው የቀነሰው?» አለ። የቀነሰው ፍጥነቱ ነው። መቶ ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 130 ገብቶ በሚቀጥለው 15 በመቶ ቢጨምር 149 ብር ከ50 ይሆናል። ዋጋው አልወረደም፣ ቁጥሩም አልዋሸም።

የከረረ ነቀፋ ካለኝ በሪፖርት ባህላችን ላይ ነው። «የዕቅዱን 98 በመቶ አከናውነናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ጋዜጠኛ ባሕር ዳር ውስጥ የለም። ዕቅዱን ያወጣው መሥሪያ ቤት፣ ክንውኑን የቆጠረው መሥሪያ ቤት፣ መቶኛውን ያሰላው መሥሪያ ቤት አንድ ነው። ዕቅዱ ዝቅ ካለ 98 ቀላል ነው፤ በዓመቱ መሐል «ተከልሶ» ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀላል። ሕዝቡ «የወረቀት ሪፖርት» የሚለው ይህንን ነው። ዜናው ግን መቶኛውን እንደወረደ ያነበዋል፣ «ኃላፊው ገለጹ» የምትለዋን ጨምሮ። ገለጹ ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ከመቶኛው ጀርባ ያለውን ዝርዝር ሰንጠረዥ መጠየቅ ሕገወጥ ድፍረት አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያሉ የመረጃ አጣሪዎች የተቀናበረ ፎቶና የሐሰት ደብዳቤ በማጋለጥ ብዙ ሠርተዋል። የቁጥር ማጣራት ግን አሰልቺ ነው፣ ቫይራልም አይሆንም፤ ስለዚህ ከዜና ክፍሉ ካልተጀመረ ማንም አይጀምረውም።

የአገር አቀፍ ድምርም ቢሆን ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ካልተጠየቀ ያሳስታል። በጦርነቱ ዓመታት የግብርና ናሙና ጥናቱ ትግራይን ሳያካትት ወጥቷል። የዚያን ዓመት ምርት ከቀደመው ዓመት ጋር አስተያይቶ ጨመረ ወይም ቀነሰ ከማለት በፊት ከቀደመውም ላይ ትግራይን ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ ዜና ፈልጌ ጥቂት ነው ያገኘሁት።

ከሁሉ በታች ያለው መሠረት ግን ያው የ1999ኙ ቆጠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይደረጋል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይደረጋል ተብሎ ተራዘመ፣ በ2011ም ተራዘመ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዚያ ወዲህ የሚያወጣው የሕዝብ ብዛት ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቁንዝላም ሆነ ለሌላ አነስተኛ ከተማ «የነዋሪው ብዛት ይህን ያህል ነው» የሚል ሰነድ ሲቀርብልን በስንት ዓመተ ምሕረት የተቆጠረ ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። በመሐሉ ከገጠር ወደ ከተማ የገባው፣ ተፈናቅሎ የመጣው፣ ለሥራ ወደ ቆላው ወርዶ የቀረው በትንበያው ውስጥ ቢኖር በግምት እንጂ በቆጠራ አይደለም።

ይህ የቢሮ ጣጣ ብቻ አይደለም። የጤና ጣቢያ የክትባት ሽፋን የሚሰላው የተከተቡትን ሕፃናት «በአካባቢው አሉ» ለተባሉት ሕፃናት በማካፈል ነው። የታችኛው ቁጥር ከትንበያ የመጣ ነው። ትንበያው ካነሰ ሽፋኑ 105፣ 110 በመቶ ይላል፤ ነርሷም ልጆቹን በሙሉ ከትባ የጨረሰች ትመስላለች። በ2011 ዓ.ም. ቤት ለቤት በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሦስተኛውን የፔንታቫለንት ክትባት የወሰዱት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች 61 በመቶ ሆነው ሲገኙ፣ ከየጤና ተቋሙ ተደምሮ የመጣው ሪፖርት ከ90 በመቶ በላይ ይል ነበር። ኩፍኝ በአንድ ቀበሌ ሲነሳ የጤና ባለሙያዎቹ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ነገር «ሽፋናችሁ ስንት ነበር?» የሚል ነው። መዝገቡ 100 ከማለቱ የተነሣ ያልተከተበ ልጅ የሚፈለግበት ቤት የሚጠቁም ሰው ይጠፋል፤ ያኔ ያለው መንገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በር እያንኳኳች አንድ፣ ሁለት ብላ እንደ አዲስ መቁጠር ነው።